ከጉዳት የተመለሰ ተጫዋችና የጨዋታው ዋዜማ፦ የጤና ጥያቄና መልስ

ቅርጫት ኳስ 28 ሜትር በ15 ሜትር በሆነ ሜዳ ላይ የሚካሄድ፣ ተጫዋቹ አጭር ርቀት በፍጥነት ሮጦ በድንገት የሚቆምበት፣ 3.05 ሜትር ከፍታ ላይ ወደ ተሰቀለው ቅርጫት ደጋግሞ የሚዘልበትና ሲወርድም አንዳንድ ጊዜ በሌላ ተጫዋች እግር ላይ የሚያርፍበት ጨዋታ በመሆኑ፣ ተጫዋቾችን ከሜዳ ከሚያርቁ ጉዳቶች መካከል የቁርጭምጭሚትና የጉልበት ጉዳቶች ትልቁን ስፍራ ይይዛሉ። ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ1891 በአሜሪካ ስፕሪንግፊልድ ከተማ የፈጠረው ካናዳዊው የአካል ማጎልመሻ መምህር ጄምስ ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1898 በሕክምና መመረቁ ብዙም አይነገርም፤ ስፖርቱና ሕክምናው ግን ከመነሻው በአንድ ሰው እጅ ተገናኝተው ነበር። በደሴ ፒያሳ ሻይ ቤቶችና ካፌዎች ከትልቅ ጨዋታ በፊት የሚነሣው ክርክር ብዙውን ጊዜ የሚያጠነጥነው ከጉዳት የተመለሰው ተጫዋች ይሰለፋል ወይስ አይሰለፍም በሚለው ላይ ሲሆን፣ ለሐኪም የሚቀርበው ጥያቄ ግን ተጫዋቹ ሜዳ ከገባ በኋላ የዳነው እግር ምን ያህል ሸክም ይችላል የሚለው ነው።

ጥያቄ፦ ሕመሙ ጨርሶ የጠፋለት ተጫዋች ለመጪው ጨዋታ ብቁ ሆኗል ማለት ይቻላልን?

መልስ፦ የሕመም መጥፋትና የአካል መዳን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው ከሁለተኛው በሳምንታት፣ አንዳንዴም በወራት ቀድሞ ይመጣል። በቅርጫት ኳስ ከሁሉ በላይ የሚያጋጥመው ወለምታ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ወለምታ ማለት እግር ወደ ውስጥ ሲጠማዘዝ በቁርጭምጭሚቱ ውጫዊ ጎን አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዙት ጅማቶች ከአቅማቸው በላይ ሲለጠጡ ወይም ሲበጠሱ የሚደርስ ጉዳት ሲሆን፣ ሐኪሞች በሦስት ደረጃ ይከፍሉታል፤ ጅማቱ ተለጥጦ ጥቂት ክሮቹ ብቻ ከተጎዱ አንደኛ ደረጃ፣ በከፊል ከተበጠሰ ሁለተኛ ደረጃ፣ ሙሉ በሙሉ ከተበጠሰ ደግሞ ሦስተኛ ደረጃ ይባላል። የመጀመሪያው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ሊሻል ሲችል የመጨረሻው ሦስት ወር ያህል ሊወስድ ይችላል።

ጅማት ሲጎዳ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እብጠትና ሙቀት የሚታይ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ሰውነት ኮላጅን ከተባለው ፕሮቲን የተሠሩ ክሮችን እያመረተ የተበጠሰውን ስፍራ ይሞላል፤ እነዚህ አዳዲስ ክሮች ግን በመጀመሪያ የተዘበራረቁ በመሆናቸው፣ ጭነቱ በሚመጣበት አቅጣጫ ተሰልፈው ጥንካሬ ለማግኘት ወራት፣ በከባድ ጉዳት ጊዜም እስከ አንድ ዓመት ይፈጅባቸዋል። ሕመሙ በሦስተኛው ሳምንት ጠፍቶ ተጫዋቹ እንደ ልቡ ሲራመድ፣ ጅማቱ ገና በመጠገን ላይ ነው።

ከጅማቱ ጥንካሬ ያላነሰ ክብደት ሊሰጠው የሚገባ፣ ብዙ አሠልጣኞችም የሚዘነጉት ሌላ ጉዳይ አለ። በጅማቱና በመጋጠሚያው ውስጥ የእግሩን አቀማመጥ ለአንጎል የሚያሳውቁ ጥቃቅን የነርቭ ጫፎች የሚገኙ ሲሆን፣ ተጫዋቹ ዓይኑን ከኳሱ ሳያነሣ እግሩ መሬቱን በየትኛው ጎኑ እንደሚነካ የሚያውቀው በእነርሱ አማካይነት ነው። ወለምታ ይህንን የመረጃ መሥመር ስለሚያዛባ፣ እግሩ መጠማዘዝ ሲጀምር ጡንቻው ደርሶ ለመያዝ በጥቂቱ ይዘገያል። ቀደም ሲል ወለምታ የደረሰበት ቁርጭምጭሚት ካልተጎዳው ይልቅ ለዳግም ጉዳት የሚጋለጥበት አንዱ ዋነኛ ምክንያት ይኸው ሲሆን፣ በአንድ እግር የመቆም ልምምድ፣ መጀመሪያ ዓይን ተከፍቶ ኋላም ተጨፍኖ፣ ለሳምንታት ሳይቋረጥ ሲሠራ ይህንን አደጋ እንደሚቀንስ ተረጋግጧል። ልምምዱ መሣሪያም ገንዘብም አይጠይቅም፤ በየቀኑ አሥር ደቂቃ ብቻ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ በዓለም የታወቁ ተጫዋቾች ሐኪም እያላቸው ተመልሰው የሚጎዱት ስለምንድን ነው?

መልስ፦ ለዚህ ጥያቄ በሰፊው የሚጠቀሰው የኬቪን ዱራንት ታሪክ ነው። የጎልደን ስቴት ዋሪየርስ አጥቂ የነበረው ዱራንት እ.ኤ.አ. ግንቦት 8 ቀን 2019 ከሂዩስተን ሮኬትስ ጋር በተደረገ ጨዋታ የቀኝ ባቱ ጡንቻ ተጎድቶ ከአንድ ወር በላይ ከሜዳ ከራቀ በኋላ፣ ቡድኑ በአሜሪካ ሊግ የዋንጫ ፍልሚያ ሦስት ጨዋታ ለአንድ ተመርቶ ለሽንፈት በተቃረበበት በአምስተኛው ጨዋታ፣ ሰኔ 10 ቀን በቶሮንቶ ተሰለፈ። 12 ደቂቃ ያህል ተጫውቶ 11 ነጥብ ካስቆጠረ በኋላ፣ በሁለተኛው ሩብ መጀመሪያ ላይ የቀኝ እግሩ አኪለስ፣ ማለትም የባትን ጡንቻዎች ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚያያይዘው ወፍራም ጅማት፣ ተበጠሰ። ዋሪየርስ ያንን ጨዋታ 106 ለ105 ቢያሸንፉም ዋንጫውን በቀጣዩ ጨዋታ አጡ፤ ዱራንትም ወደ ውድድር ሜዳ የተመለሰው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 22 ቀን 2020፣ ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ነበር።

የባቱ ጉዳት የጅማቱን መበጠስ አስከትሏል ብሎ በእርግጠኝነት መደምደም አይቻልም። ሆኖም ሁለቱ የአካል ክፍሎች በአንድ ሰንሰለት የተያያዙ በመሆናቸው የጡንቻው መዳከም የጅማቱን ሸክም ሊያከብድ እንደሚችል መገመት ምክንያታዊ ሲሆን፣ ከአንድ ወር ዕረፍት በቀጥታ ወደ ዋንጫ ፍልሚያ መግባት ደግሞ ሰውነት ያላለመደውን ጭነት በአንድ ሌሊት መጫን ነው። የሐኪም መኖር ብቻውን አደጋውን አያስቀርም፤ የውድድሩ ክብደት፣ የተጫዋቹ ጉጉትና የደጋፊው ተስፋ በአንድነት ሲገፉ የቀን መቁጠሪያው የሕክምናውን መለኪያ ይቀድመዋል።

የተለየ መንገድ ያሳየው ደግሞ ለኢትዮጵያውያን ቅርብ የሆነው የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ታሪክ ነው። ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ፖል ቴርጋትን በሰከንድ መቶኛዎች ቀድሞ ወርቅ ሲወስድ ይኸው የአኪለስ ጅማት ያስቸግረው ስለነበር ከውድድሩ በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2001 በኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና ሲመለስም ሦስተኛ ወጣ። በጊዜው የለመዱትን ድል ሲጠብቁ ለነበሩ ብዙዎች ያ የነሐስ ሜዳሊያ እንደ ሽንፈት ቢታያቸውም፣ ከዚያው ዓይነት ቀዶ ሕክምና በኋላ ለተመለሰ ሯጭ ትልቅ ውጤት ነበር፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በብሪስቶል የዓለም የግማሽ ማራቶን ሻምፒዮን መሆኑም ይህንኑ መስክሯል። ጥሩነሽ ዲባባም በቅልጥሟ ሕመም ምክንያት የ2011 የዓለም ሻምፒዮናን ትታ ካረፈች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ላይ በ10,000 ሜትር የኦሊምፒክ ወርቅ ወስዳለች። አንድ ትልቅ ውድድር መተው ለስፖርተኛ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቅ ሁሉ ከዚያ ወርቅ ጀርባ ያለውን ትዕግሥት ያከብረዋል።

ጥያቄ፦ ውድ የምርመራ መሣሪያ በሌለበት የተጫዋቹ ብቃት በምን ይለካል?

መልስ፦ ኤም.አር.አይ. የተባለው፣ በማግኔት ኃይል የጅማትና የጡንቻን ምስል የሚያነሣው መሣሪያ ጉዳቱን ለመለየት ቢረዳም፣ ተጫዋቹ መዝለልና መዞር መቻሉን አይናገርም። ለዚህ የሚያገለግለው ፈተና በማንኛውም የሲሚንቶ ሜዳ ላይ በሜትርና በጠመኔ የሚሠራ ነው፤ ተጫዋቹ በደህናው እግሩ ብቻ ወደ ፊት ዘሎ በዚያው እግር ሳይንገዳገድ ሲያርፍ ርቀቱ ይለካል፣ በተጎዳውም እግር እንዲሁ ይደረጋል፣ ሁለቱም ይነጻጸራሉ። በደህናው እግር 150 ሳንቲ ሜትር የዘለለ ተጫዋች በተጎዳው 120 ብቻ ከዘለለ 80 በመቶ ላይ ነው ማለት ሲሆን፣ በስፖርት ሕክምና የተለመደው ዝቅተኛ መለኪያ 90 በመቶ፣ ማለትም በዚህ ምሳሌ 135 ሳንቲ ሜትር ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ዘሎ ማለፍ አይበቃም፤ ሦስት ጊዜ በተከታታይ መዝለል፣ መሥመርን ግራና ቀኝ እየተሻገሩ መዝለል፣ ከዚያም በሙሉ ፍጥነት ሮጦ መዞር ይከተላሉ፤ ይህም ሁሉ ተጫዋቹ ደክሞት ሳለ ቢደገም የተሻለ ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ጉዳት የሚደርሰው ጡንቻ ሲዝልና አስተራረፍ ሲበላሽ ነው።

ጉዳቱ በጉልበት ላይ ከሆነ ጥንቃቄው ይጠነክራል። የጭንን አጥንት ከቅልጥም አጥንት ጋር በጉልበት ውስጥ የሚያያይዘው፣ ኤ.ሲ.ኤል. በመባል የሚታወቀው የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ተበጥሶ በቀዶ ሕክምና ከተተካ፣ ተጫዋቹ ከዘጠኝ ወር በፊት እንዲህ ወዳለው ስፖርት መመለስ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የአሜሪካና የኖርዌይ ተመራማሪዎች ጥናት 106 ሰዎችን ተከታትሎ፣ እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ መመለሱ በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር የዳግም ጉዳት መጠን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ጥያቄ፦ ወለምታ ሲደርስ ወደ ወጌሻ መሄድ ጉዳት አለውን?

መልስ፦ ወጌሻ በወሎም ሆነ በመላው ኢትዮጵያ ሕዝቡ ለረጅም ዘመን ሲተማመንበት የኖረ ባለሙያ ሲሆን፣ ከመካከላቸው የሰለጠነ እጅ ያላቸው መኖራቸው አይካድም። ሐኪሞች የሚፈሩት በተለይ ሁለት ነገሮችን ነው። የመጀመሪያው፣ ትኩስ ጉዳትን በኃይል ማሸት የደም መፍሰሱንና እብጠቱን ማባባሱ፣ ስብራት ካለም አጥንቱን ከቦታው ማናወጡ ነው። ሁለተኛውና የከፋው፣ በቀርከሃ ወይም በጨርቅ አጥብቆ ማሠር ሲሆን፣ እብጠቱ በውስጥ እየጨመረ ማሠሪያው ከውጭ ሲይዘው የደም ዝውውር ይቋረጥና እግሩ ወይም እጁ ሊሞት ይችላል፤ በዚህ ምክንያት አካላቸው የተቆረጠ ሕፃናትና ወጣቶች በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች መታየታቸው ልብ የሚሰብር ሐቅ ነው። የታሠረ እግር ጣቶቹ ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከጠቆሩ ማሠሪያው እስከ ነገ ሳይባል ወዲያውኑ መፈታት አለበት።

ስብራት መኖሩን ለመጠርጠር እ.ኤ.አ. በ1992 በካናዳ ኦታዋ የወጣ ቀላል ደንብ ይረዳል፤ የተጎዳው ሰው እንደተጎዳም ሆነ በምርመራ ጊዜ አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ፣ ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ከኋላ ጠርዙ ወይም ከጫፉ ሲነካ ካመመው፣ በራጅ መታየት ይኖርበታል። በደሴ ላለ ተጫዋች የደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከፒያሳ ሩቅ አይደለም።

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ ልምምድ ያደረገ ተጫዋች ደሴ ላይ ሲጫወት የሚለወጥ ነገር አለን?

መልስ፦ ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ላይ የሚወጣ ቡድን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጉዞ ኦክስጅኑ ወደ ሳሳበት አየር ይገባል። ጤነኛ ተጫዋች በጥቂቱ ቶሎ ከመድከም በቀር አይጎዳም፤ ለሳምንታት አርፎ የልብና የሳንባ ብቃቱ የቀነሰበት ተጫዋች ግን ድካሙ ቀድሞ ስለሚመጣበት አስተራረፉ ቀድሞ ይበላሻል። በደሴ ብርድ ሰውነትን የማሟሟቂያው ጊዜ ወደ 20 ደቂቃ ከፍ ማለቱ፣ ተቀይሮ በወንበር የሚቀመጠውም ቱታውን መልበሱ ይመከራል።

ጥያቄ፦ የሕመም ማስታገሻ መርፌ ወስዶ መጫወት ይቻላልን?

መልስ፦ በቅርጫት ኳስ ታሪክ ለዚህ የሚጠቀሰው የኒው ዮርክ ኒክሱ ዊሊስ ሪድ ነው፤ እ.ኤ.አ. ግንቦት 8 ቀን 1970 የጭኑ ጡንቻ ተጎድቶ ሳለ የማደንዘዣ መርፌ ተወግቶ በሰባተኛው የዋንጫ ጨዋታ ተሰለፈ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሙከራዎችም አስቆጠረ። የእርሱ ነጥብ በዚያው በአራት ያበቃ ሲሆን፣ ኒክስ 113 ለ99 ያሸነፉት 36 ነጥብ አስቆጥሮ 19 ጊዜ ነጥብ የሆነ ኳስ ባቀበለው በዋልት ፍሬዚየር ነበር። የሪድ ጀግንነት የሚከበር ቢሆንም ለወጣት ተጫዋቾች እንደ ሕክምና ምሳሌ ሊቀርብ አይገባም፤ ሕመም ጅማቱ ከአቅሙ በላይ መሳቡን የሚያሳውቅ ደወል ስለሆነ፣ በዳይክሎፌናክ ወይም በማደንዘዣ ደወሉን ዘግቶ መዝለል ቀላሉን ጉዳት ወደ ከባድ ይለውጠዋል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን፣ በተለይ ውኃ ባነሰው ሰውነት ላይ፣ ኩላሊትንና ጨጓራንም ይጎዳሉ።

ጥያቄ፦ ተጫዋቹ ፈተናውን ካለፈ በመጀመሪያው ጨዋታ ምን ያህል ይጫወት?

መልስ፦ በዓለም አቀፉ ደንብ ጨዋታው በአራት ሩብ ተከፍሎ 40 ደቂቃ የሚካሄድ ሲሆን፣ ለተመለሰው ተጫዋች ከ12 እስከ 16 ደቂቃ፣ ያውም በአራት በአራት ደቂቃ ተከፋፍሎ ቢሰጠው ይመረጣል፤ ቁርጥ ያለ ሕግ ባይሆንም ድካምን ለመቆጣጠር ያስችላል። አሠልጣኙ ይህንን ቁጥር ከጨዋታው በፊት ለተጫዋቹም ለቡድኑም መንገር አለበት፤ ውጤቱ በተቀራረበበት በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች የሚደረግ ውሳኔ ሁልጊዜ ወደ ጭማሪው ያደላልና። ቀድሞ ወለምታ ለነበረበት እግር በገመድ የሚጠበቅ የቁርጭምጭሚት መደገፊያ ማድረግ ዳግም ጉዳትን እንደሚቀንስ የታወቀ ሲሆን፣ ጡንቻን ያሰንፋል የሚለው ስጋት መሠረት የለውም።

ከጨዋታው በኋላ ያለው ምርመራ የሚደረገው በማግስቱ ጠዋት ነው። የቁርጭምጭሚቱ ዙሪያ ከጨዋታው በፊት በሜትር ተለክቶ ከነበረ እንደገና ይለካል፤ ተጫዋቹም ከደሴው ጦሳ ተራራ ግርጌ ወደ ፒያሳ በሚወስደው ዓይነት ቁልቁለት ላይ ይራመዳል፣ ቁልቁለት ቁርጭምጭሚትንና ጉልበትን ከዳገት ይልቅ ይፈትናልና። እብጠት ካልጨመረና ሲወርድ ካላነከሰ በቀጣዩ ጨዋታ አምስት ደቂቃ ይጨመርለታል፤ ካበጠ ወይም ካነከሰ ግን እብጠቱ እስኪጠፋ ድረስ ዝላይ አቁሞ በአንድ እግር ወደ መቆሙ ልምምድ ይመለሳል።