ሰገራ ላይ ደም ሲታይ ሁሉም ኪንታሮት ነው?

የዛሬው ርዕስ ትንሽ ያሳፍራል፤ ግን በውስጥ መስመር በተደጋጋሚ የምትጠይቁኝ ስለሆነ በግልጽ እናውራው። እዚህ ሐዋሳ ፒያሳ በምሠራበት ክሊኒክም ሰው "ሆዴን ያመኛል" ብሎ ይገባና ዋናውን ነገር የሚናገረው ሊወጣ ሲል በሩ ጋ ቆሞ ነው፦ "ዶክተር፣ ደግሞ... ደምም አያለሁ።"

ብዙዎች "ኪንታሮት ነው" ብለው ራሳቸው ይደመድማሉ። ብዙ ጊዜም ልክ ናቸው። የኪንታሮት ደም ደማቅ ቀይ ነው፤ ከሰገራው ጋር አይደባለቅም፣ መጨረሻ ላይ ጠብ ጠብ ይላል ወይም ሶፍት ላይ ይታያል። ሲወጣ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ሕመም ካለው ግን የፊንጢጣ መሰንጠቅ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ድርቀት ያባብሳቸዋል። ሽንት ቤት ስልክ ይዞ ግማሽ ሰዓት መቀመጥም አይረዳም (አሁን እዚያ ሆናችሁ የምታነቡ ካላችሁ፣ ተነሱ!)።

ደሙ ከንፍጥ ጋር ተደባልቆ ቁርጠትና ማስማጥ ካለው አሜባ ወይም ሺጌላ የሚባለው ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። የሁለቱ መድኃኒት ስለሚለያይ ሳይመረመሩ ፋርማሲ ሄዶ "ሜትሮ ስጠኝ" ማለት አያዋጣም።

እኛ የሐይቅ ከተማ ሰዎች ልንረሳው የማይገባ አንድ ነገር ደግሞ አለ፦ የአንጀት ቢልሃርዝያ። በሐዋሳ ሐይቅ ዙሪያ በዓሣ አጥማጆችና በተማሪዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ተገኝቷል። ዓሣ በመብላት አይመጣም፤ አትፍሩ። ጥገኛው ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውሃ ውስጥ ይዋኛል፣ የዋናተኛውን ወይም የአጣቢውን ቆዳ በስቶ ይገባል። ትሉ አንጀት አካባቢ ባሉ ደም ሥሮች ውስጥ እንቁላል ይጥላል፤ እንቁላሉ የአንጀትን ግድግዳ ሰብሮ ሲወጣ ያደማል። ዓመታት ከቆየ ጉበትን ይጎዳል፣ ደም እስከማስመለስ ያደርሳል። (በነገራችን ላይ፣ እንዶድ ቀንድ አውጣዎቹን እንደሚገድል በ1964 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አድዋ ላይ ያስተዋሉት የእኛው ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው።) መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ በክብደት ተለክቶ ይሰጣል። እንቁላሉ በአንድ ምርመራ ላይታይ ስለሚችል ሐይቅ ውስጥ የምትገቡ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት።

ሰገራው እንደ ሬንጅ ጥቁር፣ የሚያጣብቅና የሚከረፋ ከሆነ ደሙ ከላይ፣ ምናልባት ከጨጓራ ቁስለት ነው። ለወገብና ለጉልበት ብላችሁ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን የምታዘወትሩ፣ ይሄ እናንተን ይመለከታል። የአይረን ኪኒንም ያጠቁራል፣ ቀይ ሥርም ያቀላል፤ እነሱ አያሰጉም።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን የትልቁ አንጀት ካንሰር ነው። እሱም እንደ ኪንታሮት ይደማል። ክብደት ከቀነሳችሁ፣ የሰገራችሁ ልማድ ከተቀየረ፣ ደም ማነስ ከተገኘባችሁ ወይም በቤተሰብ ካለ፣ ዕድሜያችሁ ትንሽ ቢሆንም ቅባት እየቀባችሁ ወይም በባህል መድኃኒት እያስቃጠላችሁ ወራት አታሳልፉ። ኮሎኖስኮፒ ሊያስፈልግ ይችላል።

ደሙ ብዙ ከሆነ፣ ካዞራችሁ፣ ልብ ካስመታችሁ ወይም ሰገራው ጥቁር ከሆነ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ለሌላው ክሊኒክ ስትመጡ የሰገራና የደም ምርመራ ይታዘዛል፣ ፊንጢጣም በጣት ይታያል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እህቶቼ፣ ሴት ሐኪም ትይልኝ ማለት ትችላላችሁ።