ሙያ ከባለሙያ አጠገብ ይለመዳል
የጥናት ትምህርት ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች

የሚነበብ ክፍል፦ ዘጸአት 35፥30-35፤ የሐዋርያት ሥራ 18፥1-4



ሥራ ለሌለው ወጣት ርዳታ ስናስብ ቶሎ የሚታየን የዕቃ ስጦታ ነው። የስፌት መኪና እንገዛለን፤ የአናጢ መሣሪያ በሳጥን እንሰጣለን። ነገር ግን ስፌቱን ያልለመደ ሰው መኪናውን ይዞ ብዙ አይቆይም፤ ችግር ሲጠናበት ይሸጠዋል። ከመሣሪያው በፊት ሙያው፣ ከሙያውም ጋር «እችላለሁ» የሚል ልብ ያስፈልጋል። እነዚህ ሁለቱ በሥራ ቦታ፣ ከባለሙያ አጠገብ እንዴት እንደሚገኙ በዚህ ትምህርት እንመለከታለን።

1. ሙያ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው

የመገናኛው ድንኳን ሲሠራ ባስልኤልና ኤልያብ በስም ተጠሩ። ወርቅ፣ ብር፣ ናስ፣ እንጨትና ድንጋይ የሚሠራበትን ጥበብ የሰጣቸው እግዚአብሔር መሆኑን ክፍሉ ይነግረናል። በቁጥር 34 ላይ ደግሞ ሌሎችን የማስተማር ልብ እንደ ሰጣቸው እናነባለን። እንግዲህ ሙያውም ማስተማሩም ከአንድ እጅ የመጡ ስጦታዎች ናቸው። በአገራችን «ሙያ በልብ ነው» ይባላል። አባባሉ ትምክህትን ይከለክላል እንጂ ዕውቀትን ከታናሹ እንድንደብቅ አያዝም።

ሐዋርያው ጳውሎስም በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ ኖሯል። በእጁ መሥራቱ አገልግሎቱን አላሳነሰበትም።

ይህን ማስታወስ ይገባናል፤ በእኛ ዘንድ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ለብዙ ዘመን ተንቀዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ የእጅ ባለሙያን መስደብ ከልክለዋል። ይሁን እንጂ ንቀት በአዋጅ ብቻ አይጠፋም። ልጃችን ቢሮ ሲገባ በጉባኤ ፊት እያመሰገንን ጋራዥ ሲገባ ዝም ካልን፣ ያው ንቀት በእኛም ቤት አለ ማለት ነው።

2. ልምምዱ በደረጃ ይሄዳል

ለማጁ መጀመሪያ ያያል፤ ቀጥሎ ያግዛል፤ ከዚያ ባለሙያው እያየው ይሠራል፤ በመጨረሻ ብቻውን ይሠራል። በልብስ ስፌት ቤት ልኬት መውሰድ ይቀድማል፤ መቀሱ በወረቀትና በቁርጥራጭ ጨርቅ ይለመዳል፤ የደንበኛ ጨርቅ የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው። በጋራዥም ለማጁ የመፍቻዎቹን ቁጥር ለይቶ ማቀበል ይጀምራል፤ ጎማ ይፈታል፤ ፍሬን የሚነካው ግን ዋናው መካኒክ መኪናው ከመውጣቱ በፊት በሚያረጋግጥበት ሁኔታ ነው።

በራስ መተማመንም በዚሁ መንገድ ያድጋል። ምክርና ጭብጨባ ብቻውን አያመጣውም። ወጣቱ ስፌቱ ሲጣመምበት ፈትቶ እንዲያስተካክል ከተፈቀደለት፣ ስሕተት የሚታረም ነገር መሆኑን ይማራል። መሣሪያው ከእጁ ተነጥቆ ከተሰደበ ግን የሚማረው ፍርሃትን ነው። ሰዓት ማክበርን፣ ደንበኛን በአክብሮት ማነጋገርን፣ ዋጋ መተመንን፣ ያልገባውን ሳያፍር መጠየቅንም የሚያገኘው በዚያው በሥራው መካከል ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

3. ውሉ ለማጁን ይጠብቃል

አንዳንዱ ወጣት ለልምምድ ገብቶ ወራቱን ሻይ በማምጣትና ግቢ በመጥረግ ይጨርሳል። መጥረግ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን መጥረግ ብቻ ልምምድ አይባልም። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለዚህ ግልጽ ነው፦

ሀ. ሙያ ለማጁ ዕድሜው ከ15 ዓመት ማነስ የለበትም።
ለ. ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በሚመለከተው የመንግሥት አካል መረጋገጥ አለበት። የሥልጠናውን ዓይነት፣ ጊዜውን፣ የሚከፈለውን ገንዘብና የሥራውን ሁኔታ ይገልጻል።
ሐ. አሠሪው ለማጁን ከሥልጠናው ጋር በማይገናኝ ሥራ ላይ አይመድብም። ለማጁም ትምህርቱን በትጋት መከታተል አለበት።
መ. ልምምዱ ሲያበቃ አሠሪው የተማረውን ሙያና የቆየበትን ጊዜ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ይሰጣል።

ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ወይም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ሊሠራ አይገባም። ሙያውን በሚገባ የያዘ ወጣት ደግሞ የሙያ ብቃት ምዘና ወስዶ በሌላ ቦታም የሚታወቅ ማስረጃ ሊያገኝ ይችላል።

4. የእኛ ድርሻ

የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፤ ወጣቱን ወደ አሠሪ ከመላካችሁ በፊት ሥራ ቤቱን እዩ። የመከላከያ መነጽርና ጓንት አለን? ባለሙያው ታጋሽ ነውን? በየወሩ እየሄዳችሁ «ምን ያህል ቀን መጣ?» ብቻ ሳይሆን «በዚህ ወር ብቻውን ምን ሠራ?» ብላችሁ ጠይቁ። የመጓጓዣና የምሳ ነገር እንዳይዘነጋ፤ ብዙ የድሃ ልጅ ልምምዱን የሚያቋርጠው በስንፍና ሳይሆን በታክሲ ገንዘብ ነው። መሣሪያ የምትሰጡም ከሆነ ልምምዱ ሲፈጸም ስጡ።

ምእመናን ሆይ፤ በመካከላችሁ አናጢ፣ በያጅ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ልብስ ሰፊ አለ። አንድ ወጣት አጠገቡ ቢያስጠጋ ከብዙ ብር የሚበልጥ ስጦታ ሰጠ። ሱቅ ወይም ሥራ ቤት የሌለን ደግሞ ሥራችንን ለአዲሱ ባለሙያ በመስጠት ልንረዳው እንችላለን፤ ዋጋውንም ሳናጓድል እንክፈለው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በጉባኤያችን ሙያውን ለሌላ ሊያስተምር የሚችል ማን አለ? ጠይቀነው እናውቃለን?
2. ባለሙያው ተፎካካሪ እንዳያፈራ ብሎ ማስተማር ቢፈራ፣ ከዘጸአት 35፥34 ምን እንነግረዋለን?
3. ባለፈው ዓመት የረዳናቸው ወጣቶች ዛሬ በምን ሥራ ላይ ናቸው?

ጸሎት፦ ጥበብን ለእጅ፣ ትዕግሥትን ለሚያስተምር፣ ድፍረትን ለሚማር እግዚአብሔር እንዲሰጥ በአንድነት እንለምን። አሜን።