ፈተናውን ላለፈ ብቻ የሚከፈት በር

ለዚህ እትም የመረጥነው ርዕስ ከፊዚክስ ይልቅ ለኮምፒውተር ሳይንስ የሚቀርብ ይመስላል። ይሁን እንጂ አንድ የሌዘር ቤተ ሙከራ እናስብ። ተማሪው ተራ የሚይዘው በድረ ገጽ ሲሆን፣ የተራ መያዣው ገጽ የሚከፈትለት አሥር ጥያቄዎች ያሉትን የደኅንነት ፈተና ካለፈ በኋላ ብቻ ነው። ከ500 ሚሊዋት በላይ የማያቋርጥ ጨረር የሚያመነጭ ሌዘር በአራተኛው፣ ማለትም በመጨረሻው የአደጋ ደረጃ ይመደባል፤ ጨረሩ በቀጥታ መግባቱ ቀርቶ ከግድግዳ ተበትኖ እንኳ ዓይንን ሊጎዳ ይችላል። ታዲያ ድረ ገጹ «አልፏል» ብሎ በሩን የሚከፍተው በምን ማስረጃ ነው?

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት፣ ድረ ገጾች የሚጠቀሙበት የኤችቲቲፒ ሥርዓት በባሕርዩ ዝንጉ መሆኑ ነው፤ እያንዳንዱን ጥያቄ እንደ አዲስ እንግዳ ይቀበላል። ሰርቨሩ ተማሪውን የሚያስታውሰው፣ የይለፍ ቃሉን ባስገባ ጊዜ ኩኪ የተባለ ምልክት ለብራውዘሩ ሰጥቶ፣ ምልክቱ ተመልሶ በመጣ ቁጥር በማመሳከር ነው። ፈተናውንም ማረም ያለበት ሰርቨሩ ነው። ብራውዘሩ በተማሪው እጅ ያለ ፕሮግራም ስለሆነ፣ እርማቱን ለእርሱ መተው ተፈታኙ ራሱን አርሞ ውጤቱን በቃል እንዲነግረን ከመፍቀድ አይለይም። ትክክለኛዎቹን መልሶች ከገጹ ጋር አብሮ መላክም ያው ነው፤ የገጹን ኮድ ገልጦ ማየት ለማንም ጀማሪ አይከብድምና።

ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ማኅተም እንደ መምታት ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ዴቪድ ፌራዮሎና ሪቻርድ ኩን በአሜሪካ ባቀረቡት ሞዴል መሠረት፣ ፈቃድ የሚሰጠው ለግለሰቡ ሳይሆን ለሚናው ነው። ተማሪው ፈተናውን ሲያልፍ «የሌዘር ተጠቃሚ» የሚለው ሚና በዳታቤዙ ውስጥ በስሙ ይመዘገባል፤ ከዚያ በኋላ ፈተናው ዳግም አይታይም። ሁለተኛው መንገድ ምንም ማኅተም ሳይመታ፣ በሩ በተንኳኳ ቁጥር የውጤት መዝገቡን መመልከት ነው። ማርቲን ዱጂያማስ እ.ኤ.አ. በ2002 የመጀመሪያ እትሙን ያወጣው ሙድል የተባለው የማስተማሪያ ሶፍትዌር፣ ከ2010ሩ እትም 2.0 ጀምሮ በዚህ መንገድ ይሠራል፤ መምህሩ የሚቀጥለው ትምህርት የተወሰነ ውጤት ላመጣ ብቻ እንዲታይ ማዘዝ ይችላል።

ልዩነቱ የሚገለጠው ደንቡ ሲለወጥ ነው። የማለፊያው ነጥብ ከ6 ወደ 8 ከፍ ቢል፣ በመጀመሪያው መንገድ 7 ያገኘ ተማሪ ማኅተሙን እንደያዘ ይቀራል፤ በሁለተኛው ግን በሩ በዚያው ቅጽበት ይዘጋበታል። ለአደገኛ ክፍል እኛ የምንመርጠው ሁለተኛውን ነው፤ በዚያም ላይ የፈተናው ቀን ከአንድ ዓመት እንዳያልፍ የሚል ሁኔታ ቢጨመርበት አንጠላም። የማኅተሙ መንገድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ውጤቱ ተመዝግቦ ሚናው ሳይሰጥ መብራት ቢጠፋ፣ ተማሪው አልፎም ከደጅ ይቀራል። መድኃኒቱ ሁለቱን ጽሑፎች በአንድ ትራንዛክሽን ማሰር ነው፤ ወይ ሁለቱም ይጻፋሉ፣ ወይ አንዱም አይጻፍም።

አሁን ወደ ስሌቱ እንምጣ። ምንም ያላነበበ ተማሪ በዘፈቀደ ቢመልስ ከ10 ጥያቄዎች 8ና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ ምን ያህል ነው? ጥያቄዎቹ «እውነት ወይም ሐሰት» ከሆኑ፣ የመልሶቹ አደራደር 2 ሲባዛ አሥር ጊዜ በራሱ፣ ማለትም 1024 ነው። ከእነዚህ ውስጥ ስምንት ትክክል የሚሆኑት 45፣ ዘጠኝ የሚሆኑት 10፣ አሥሩም የሚሆኑት 1፣ በድምሩ 56 ናቸው። ዕድሉ 5.5 በመቶ ገደማ ነው፤ ከአሥራ ስምንት ሰነፎች አንዱ ሌዘሩን ያበራል እንደ ማለት ነው! አራት ምርጫ ያላቸው ጥያቄዎች ከሆኑ ግን ከ1,048,576 አደራደሮች የሚያሳልፉት 436 ብቻ ናቸው፤ ከ2,400 አንድ ገደማ።

ይህ ለአንድ ሙከራ ነው። ሙከራው ካልተገደበና በየጊዜው አዳዲስ ጥያቄዎች ከመጡ፣ የ«እውነት ወይም ሐሰት» ተፈታኝ በሃያ ሙከራ ውስጥ ቢያንስ አንዴ የማለፍ ዕድሉ 67 በመቶ ይደርሳል። ጥያቄዎቹ ሳይለወጡ የሚደጋገሙ ከሆነማ ከስህተቱ ስለሚማር ከዚያም ይበልጣል፤ የተማረው ግን ስለ ጨረር ሳይሆን ስለ ፈተናው ነው። ሙከራው በሦስት ቢገደብ በባለ ሁለት ምርጫው 15.5 በመቶ፣ በባለ አራቱ ከ800 አንድ ያህል ይሆናል። ምርጫዎቹ አምስት ቢሆኑስ? ስሌቱን ለአንባቢያን ትተናል።