የአያታችሁን ሕይወት በጽሑፍ ፈልጉ

«የማን ልጅ ነህ?» ሲባል መልስ የሚያጣ የለም። ከዚያ በላይ ሲጠየቅ ግን ብዙው ሰው ይደናገራል።

በጎጃምና በጎንደር በርስት ዘመን ትውልዱን እስከ ዋናው አባት የቆጠረ መሬት ይካፈል ነበር። ቆጠራው የጠፋበት ወይም ምስክር ያጣ ይረታ ነበር። ቆጠራው በአብዛኛው በሽማግሌ አፍ ስለ ነበረ ሽማግሌው ሲሞት ብዙ ጊዜ አብሮ ይቀበር ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ዘር ቆጥሮ መሬት መጠየቅን አስቀረ። ከዚያ ወዲህ የገበሬ ስም በማኅበር መዝገብ፣ በኋላም በይዞታ ደብተር ተጻፈ። የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍችና የሞት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው።

የአያታችሁን ሕይወት ለማወቅ እንዲህ አድርጉ፦

1. ታላላቆችን ጠይቁ። ዓመቱን ካላወቁት «ከ1977ቱ ድርቅ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» በሉ።

2. ከሣጥን ያሉትን ወረቀቶች አውጡ። የግብር ደረሰኝ፣ የይዞታ ደብተር፣ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት ይገኛል። ስሙንና ዓመቱን አንብቡ።

3. ስሞቹን አስተያዩ። አንዱ «ኃይሉ»፣ ሌላው «ኃይለ ማርያም» ቢል አንድ ሰው መሆኑን የሚያውቅ ሰው ሳለ ጻፉት። አለዚያ ልጅ በውርስ ጊዜ ይቸገራል።

4. የእናትንም ወገን ጻፉ። በስማችን የሚከተለው የአባትና የወንድ አያት ስም ስለሆነ የሴት አያቶች ስም ቶሎ ይረሳል።

መልመጃ፦ የ3 ትውልድ ስም በደብተራችሁ ጻፉ። ከየስሙ ጎን የትውልድ ቦታና ዓመት አኑሩ። ያልታወቀውን ባዶ ተዉት፤ በግምት አትሙሉት።