አሮጌ ሰርቨር ላይ ኦፕሬቲንግ ሲስተም እንደገና ስለመጫን፦ ከሮብ ገበያ የተግባር ልምምድ የተገኘ ትምህርት

መግቢያ

በአገራችን ኮምፒውተር የነካ ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ቃል አለች፤ እሷም «ፎርማት» ናት። ማሽኑ ሲዘገይ «ፎርማት ይደረግ» እንላለን። ቫይረስ ሲገባም «ፎርማት ይደረግ» ነው። በአነጋገራችን ፎርማት ማድረግ ማለት ያለውን አጥፍቶ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እንደገና መጫን ማለት ሆኗል። ለአንድ ተማሪ ላፕቶፕ ይህ አነጋገር ብዙም አይጎዳም። ሰርቨር ላይ ግን ማጥፋትና መጫን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ከሁለቱም የሚቀድም ሦስተኛ ሥራም አለ። እሱም ማሽኑ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በተግባር ልምምድ ወቅት በአንድ መሥሪያ ቤት ያየሁትንና የሠራሁትን ለክፍላችን ተማሪዎች ማካፈል ነው። ቦታው ሮብ ገበያ ነው። ሮብ ገበያ በምሥራቅ ጎጃም የምትገኝ ከተማ ናት። ቦታውን የጠቀስኩት ለጌጥ አይደለም። እንዲህ ባለ ከተማ የረሳነውን ድራይቨር ሮጠን የምንገዛበት ሱቅ የለም፤ ኢንተርኔቱም የተፈለገ ዕለት ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ዝግጅቱ ከመጫኑ ይበልጣል።

1. ማሽኑን ማወቅ

ሰርቨሩ ዴል ፓወርኤጅ 2950 ነበር። ሚሞሪው 4 ጊጋባይት ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው 73 ጊጋባይት የሆኑ ሦስት ሃርድ ዲስኮች ነበሩት። ዊንዶውስ ሰርቨር 2003 ተጭኖበታል። በአክሰስ የተሠራው የደመወዝ ማህደር፣ የሠራተኞች መረጃና የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤዎች እዚሁ ላይ ናቸው። ሲስተሙ አንዳንድ ቀን ይነሳል፣ አንዳንድ ቀን መሀል ላይ ቀጥ ይላል።

መምህራችን ክፍል ውስጥ «ሰርቨር ከመክፈታችሁ በፊት ደብተር ክፈቱ» ይሉን የነበረው እዚህ ገባኝ። ማሽኑ እየተነሳልን ሳለ የሚከተሉትን መዘገብን፦ የአይፒ አድራሻውን፣ የተጠቃሚዎቹን ስም ዝርዝር፣ ለሌሎች ኮምፒውተሮች የተከፈቱትን ፎልደሮች ስም፣ ማን የትኛውን ፎልደር እንደሚከፍት፣ የትኛው ፕሪንተር በሰርቨሩ በኩል እንደሚያልፍ። ማሽኑ ከጠፋ በኋላ እነዚህን የሚነግረን የለም።

ቀጥሎ ዲስኮቹ ናቸው። ሦስቱ ዲስኮች የተያያዙት በሬይድ 5 ነው። በሬይድ 5 የአንድ ዲስክ ያህል ቦታ ለመጠባበቂያ ስሌት ስለሚውል፣ ከሦስቱ የምናገኘው የሁለቱን መጠን ማለትም 146 ጊጋባይት ነው። በምትኩ አንዱ ዲስክ ቢሞት መረጃው አይጠፋም። ሁለት ቢሞቱ ግን ሁሉም ይጠፋል። ስለዚህ ዲስክ ከመንቀላችን በፊት በየዲስኩ ላይ በወረቀት 0፣ 1፣ 2 ብለን ቁጥር ለጠፍን።

በዚህ ማሽን ላይ ሲነሳ ኮንትሮልንና አርን አንድ ላይ ስንጫን የሬይድ መቆጣጠሪያው ሜኑ ይከፈታል። እዚያ ውስጥ የሦስቱን ዲስኮች ጤንነት ማየት ይቻላል። ነገር ግን «ኢኒሻላይዝ» የሚል ምርጫም እዚያው አለ፤ ይህ ምርጫ በዲስኮቹ ላይ ያለውን መረጃ ያጠፋል። ለማየት ብቻ የገባ ሰው አይቶ መውጣት አለበት።

2. ባክአፕ፦ ሳይቃጠል በቅጠል

ብዙ ሰው «ሬይድ ስላለ ባክአፕ አያስፈልግም» ሲል ይሰማል። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። ሬይድ ከዲስክ መሞት ይጠብቃል እንጂ ሰው በእጁ ካጠፋው ፋይል፣ ከቫይረስ ወይም ከእሳት አይጠብቅም። አንዱ ዲስክ ላይ የጠፋ ፋይል ከሦስቱም ላይ ነው የሚጠፋው።

የደመወዝ ክፍል ኃላፊዋ ሥራውን ልንጀምር ስንል ጠሩኝና «ልጄ፣ አደራህን፤ ይኼ የሰው እንጀራ ነው» አሉኝ። እኔም «እትዬ፣ እርስዎ ራስዎ ከፍተው አይተው እሺ ሳይሉኝ ምንም አላጠፋም» አልኳቸው። ይህ የትህትና ንግግር ብቻ አልነበረም፤ የሥራው ደንብ ሆነ። ባክአፕ ተወሰደ የሚባለው ባለሙያው ሲገለብጥ አይደለም፤ የመረጃው ባለቤት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ ሲያረጋግጥ ነው።

ቀኑን የመረጥነው ከእሳቸው ጋር ነው። የወሩ ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ ያለውን ዓርብ ማታ ያዝን፤ ቢበላሽም ቅዳሜና እሑድ አለ። ሠራተኛው ሁሉ የደመወዙን ማህደር መዝጋቱን አረጋገጥን። የተከፈተ የአክሰስ ማህደር ቢገለበጥ ቅጂው የተዛባ ሊሆን ይችላልና። ከዚያ በሁለት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኮች ላይ ገለበጥን። አንዱ እዚያው ቀረ፤ ሁለተኛው ሌላ ሕንፃ ውስጥ ተቆለፈበት። የፋይሎቹን ብዛትና መጠን ከዋናው ጋር አነጻጸርን። እትዬም የሦስት ወር ደመወዝ ከፍተው ድምሩን ከወረቀቱ ጋር አመሳከሩ።

እዚህ ላይ አማርኛ የሚጽፍ መሥሪያ ቤት ሁሉ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ፤ እሱም ፎንት ነው። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ቅጂ ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ መሥሪያ ቤቶች ደብዳቤ የሚጽፉት ዩኒኮድ ባልሆኑ የድሮ ፎንቶች ነበር። የዚህ ዓይነት ደብዳቤ ፋይሉ ቢኖርም ፎንቱ ከሌለ የሚታየው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ስለዚህ ከሰነዶቹ ጋር የፎንት ፎልደሩንም ገለበጥን። ይህ ካልተደረገ የአሥር ዓመት ደብዳቤ አለ እየተባለ የሚያነበው አይኖርም።

3. የቱን እንጫን?

ዊንዶውስ ሰርቨር 2003ን መልሶ መጫን ቀላሉ መንገድ ይመስላል። ሆኖም ማይክሮሶፍት ለእሱ የሚሰጠውን ድጋፍ ጁላይ 14 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. አቁሟል። ከዚያ ወዲህ የሚገኝ ቀዳዳ አይደፈንለትም። አዲስ ዊንዶውስ ሰርቨር ደግሞ ፈቃድ መግዛት ይጠይቃል።

ስለዚህ ወደ ሊኑክስ ዞርን። እዚህም ቢሆን አዲስ ነገር ሁሉ ለአሮጌ ማሽን አይሆንም። ለምሳሌ ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 9 ኤስኤስኢ 4.2 የተባሉትን ትእዛዞች የሚያውቅ ፕሮሰሰር ይፈልጋል፤ በ2950 ላይ የሚገጠሙት የዚያ ዘመን ዚዮን ፕሮሰሰሮች 64 ቢት ቢሆኑም እነዚህን አያውቁም። ዴቢያን 12 ግን ይህን አይጠይቅም። ዴቢያን 12 የወጣው በጁን 2023 እ.ኤ.አ. ሲሆን የረጅም ጊዜ ድጋፉ እስከ ጁን 2028 እ.ኤ.አ. ይዘልቃል።

ሌላም ጥቅም አለው። የዚህ ሰርቨር የኔትወርክ ካርድ ብሮድኮም ነው፤ ለመሥራት ፈርምዌር የሚባል ተጨማሪ ፋይል ይፈልጋል። በቀድሞዎቹ የዴቢያን ቅጂዎች ይህ ፋይል ዋናው ሲዲ ውስጥ አልነበረም፤ ጫኙ መሀል ላይ ቆሞ በፍላሽ አምጡልኝ ይል ነበር። ኔትወርክ ካርዱ እንዲሠራ ፋይሉ ያስፈልጋል፣ ፋይሉን ለማውረድ ደግሞ ኔትወርክ ያስፈልጋል! ከዴቢያን 12 ጀምሮ ግን አብሮት ይመጣል።

ከኢንተርኔት እያወረደ የሚጭነውን ትንሹን ሲዲ አልመረጥንም። ሙሉውን ዲቪዲ ኮሌጅ ሳለን አውርደን፣ የመቆጣጠሪያ ድምሩ ትክክል መሆኑን አረጋግጠን፣ በዲቪዲም በፍላሽም ይዘን ሄድን።

4. መጫኑ

ማሽኑ ሲነሳ ኤፍ 11 ተጭነን ዲቪዲውን መረጥን። ጫኙ ሦስቱን ዲስኮች እንደ አንድ ዲስክ አድርጎ አሳየን፤ የሬይድ መቆጣጠሪያው ሥራ ይህ ነውና። ስክሪን ላይ ሦስት የተለያዩ ዲስኮች ቢታዩ ወይም ምንም ባይታይ ወደፊት መቀጠል አይገባም።

ዋናው ውሳኔ የፓርቲሽን አከፋፈል ነው። 20 ጊጋባይት ለሲስተሙ፣ 4 ጊጋባይት ለስዋፕ ሰጥተን፣ ቀሪውን ሁሉ ለመረጃ ብቻ ለየነው። ምክንያቱም ይህ ሰርቨር አንድ ቀን እንደገና ይጫናል። ያኔ የሚመጣው ልጅ የሲስተሙን ክፍል ብቻ አጥፍቶ የመረጃውን ክፍል ሳይነካ መሥራት ይችላል። እኛ ያገኘነው ማሽን ሁሉም በአንድ ላይ የተጠቀለለ ስለነበር ነው ይህን ያህል የደከምነው።

ዴስክቶፕ አልጫንንም። መስኮትና ሥዕል የሌለው ሰርቨር ለ4 ጊጋባይት ሚሞሪ ይቀለዋል። ፎልደሮቹን ለዊንዶውስ ኮምፒውተሮች የሚያካፍለውን ሳምባን ግን ጫንን። መጫኑ ራሱ አንድ ሰዓት አልፈጀም። ዝግጅቱ ግን አራት ቀን ፈጅቷል።

5. ሰዓትና ቀን

ይህ እኛ አገር ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአሮጌ ሰርቨር ማዘርቦርድ ባትሪ ሲያልቅ መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ይጠፋል፤ ስለዚህ አዲስ ባትሪ ገባ። ቀጥሎ ሰዓቱ ራሱ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ለእኛ 3 ነው፤ ለማሽኑ ግን 9 ነው። የሰዓት ክልሉ አዲስ አበባ ተብሎ መመረጥ አለበት፤ ይህም ከዓለም አቀፉ ሰዓት 3 ሰዓት ይቀድማል።

ዓመቱም እንዲሁ ነው። መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ለማሽኑ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ነው። አንድ ሰው በቅንነት 2018 ብሎ ቢሞላ ሰርቨሩ ሰባት ዓመት ወደኋላ ይመለሳል። አዲስ የተጻፉ ፋይሎች ከአሮጌዎቹ በፊት የተጻፉ ይመስላሉ፤ የድረ ገጽ ሰርተፍኬቶችም «ገና ጊዜያቸው አልደረሰም» ተብለው ውድቅ ይሆናሉ።

6. ከተጫነ በኋላ

መረጃውን መልሰን ስናበቃ አልቋል አላልንም። እትዬ ከራሳቸው ኮምፒውተር የደመወዙን ማህደር ከፈቱ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ አንድ የድሮ ደብዳቤ ከፍቶ አነበበ። ሰርቨሩ በሥርዓት ተዘግቶ እንደገና ተነሳ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሰው ሳይነካው እንዲነሳም ባዮሱ ላይ አስተካከልን። ዩፒኤሱ ስንት ደቂቃ እንደሚይዝም በሰዓት ለካን።

በመጨረሻ ሁሉንም በሁለት ገጽ ጻፍን፦ የፓርቲሽኑን አከፋፈል፣ የአይፒ አድራሻውን፣ የፎልደሮቹን ስም፣ ባክአፕ በየስንት ጊዜና በማን እንደሚወሰድ። አንዱን ቅጂ ለኃላፊው ሰጠን፤ አንዱን ሰርቨሩ ክፍል ውስጥ ሰቀልን። የይለፍ ቃሉ ግን ለብቻው ታሽጎ ካዝና ገባ።

ማጠቃለያ

ውድ አንባብያን፣ በፈተና ላይ «ኦፕሬቲንግ ሲስተም የመጫን ቅደም ተከተል ጻፉ» ስንባል የምንጀምረው «ሲዲውን ማስገባት» ከሚለው ነው። ሥራው የሚጀምረው ግን ከዚያ ብዙ ቀድሞ ነው። የማይጠፋውን ለይቶ ሳያውቅ የሚያጠፋ ሰው ፈጥኖ ይጨርስ ይሆናል፤ ነገር ግን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ነው። ፈሶ የማይለቀም ነገር ደግሞ አለ፦ የአንድ ወረዳ ሠራተኛ ደመወዝ፣ የአሥር ዓመት ደብዳቤ። አብዛኞቻችን ስንመረቅ የምንመደበው አዲስ ማሽን ወዳለበት አይደለም። እንዲህ ያለ አሮጌ ሰርቨር ቆሞ ይጠብቀናል። ደብተራችንን ይዘን እንሂድ።