የትራንስፖርት ሕግ ማሻሻያ እንዴት ይነበባል?

ከደብረ ታቦር መናኸሪያ ወደ ባሕር ዳር የሚሳፈረውም፣ ከዚያው ወደ አዲስ አበባ የሚሳፈረውም ታሪፍ ይከፍላሉ። ታሪፉን የሚያወጣው ግን አንድ አካል አይደለም። የባሕር ዳሩ ጉዞ መነሻውም መድረሻውም አማራ ክልል ውስጥ ስለሆነ የክልሉ ትራንስፖርት ቢሮ ይተምነዋል። የአዲስ አበባው ዓባይን ተሻግሮ ኦሮሚያ ስለሚገባ የፌዴራሉ ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ጉዳይ ነው። ክፍፍሉ ሕገ መንግሥቱ ላይ የተመሠረተ ነው። አንቀጽ 51 የአየርና የባቡር መጓጓዣን እንዲሁም ክልሎችን የሚያገናኙ አውራ መንገዶችን ለፌዴራል መንግሥት ይሰጣል፤ አንቀጽ 52 ደግሞ ለፌዴራሉ ተለይቶ ያልተሰጠውን ለክልሎች ይተዋል። ስለዚህ «የትራንስፖርት ሕጉ ተሻሻለ» የሚል ወሬ ሲደርሰን መጀመሪያ የምንጠይቀው የማን ሕግ እንደሆነ ነው።

ቀጥሎ የሚጠየቀው እርከኑ ነው። በፌዴራል ደረጃ አዋጅን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸድቃል፣ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣም ይታተማል። ደንብን የሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ መመሪያን ሚኒስቴሩ ያወጣል። በአማራ ክልልም ደረጃው ተመሳሳይ ነው፦ አዋጁን የክልሉ ምክር ቤት፣ ደንቡን መስተዳድር ምክር ቤቱ፣ መመሪያውን ቢሮው። የክልሉ ጋዜጣ ዝክረ ሕግ ይባላል። ደብረ ታቦር ውስጥ ባጃጅ የሚነዳ ሰው ከአዋጅ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኝበት ቀን ብዙም አይኖርም። እሱን የሚያገኘው መመሪያው ነው፤ አንዳንዴም ስለ ስምሪት የተጻፈች አንዲት ገጽ ደብዳቤ።

ወረታ መንገድ ላይ ትራፊክ ፖሊስ አንድ ሚኒባስ አስቁሞ ወረቀት ሲጠይቅ ምን እንደሚሆን እንይ። ሾፌሩ መንጃ ፈቃዱን ያወጣል፤ ይህ በ1074/2010 አዋጅ የሚገዛ ነው። ሊብሬው፣ ሰሌዳውና መስታወት ላይ የተለጠፈው ቦሎ ከ681/2002 የመጡ ናቸው። የሦስተኛ ወገን መድኑ የ799/2005 ጉዳይ ነው። በፍጥነት ወይም ትርፍ በመጫን ቢቀጣ ደግሞ የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንቡ ይመጣል። አንድ ኪስ ውስጥ ያሉት ወረቀቶች እንዲህ በተለያዩ ሕጎች የታሰሩ በመሆናቸው፣ አንዱ ሕግ ሲነካ ሌሎቹ እሱን የሚጠቅሱባቸው ቦታዎችም ይነካሉ። «ጥቃቅን» የሚባሉት ማሻሻያዎች አብዛኛዎቹ ከዚህ ይወለዳሉ። በነገራችን ላይ የአዋጆቹ ዓመት በአማርኛው በእኛ አቆጣጠር፣ በእንግሊዝኛው በአውሮፓ አቆጣጠር ይጻፋል። 1274/2014 እና 1274/2022 አንድ አዋጅ ናቸው፤ ሁለት መስለውት ሌላኛውን ሲፈልግ የሚውል ሰው ግን አይጠፋም።

ቀላሉ ማሻሻያ የስም ለውጥ ነው። የአስፈጻሚ አካላትን ሥልጣን የሚወስነው አዋጅ 1263/2014 ሲወጣ የፌዴራል ትራንስፖርት ባለሥልጣን ሥራ ወደ ሚኒስቴሩ ተጠቃለለ። በየአዋጁና በየደንቡ «ባለሥልጣኑ» እያለ የሚጠራው ሁሉ አንድ በአንድ ይታረም ቢባል ዓመት አይበቃም። ስለዚህ ሕግ አርቃቂዎች አንድ አንቀጽ ያስገባሉ፦ በሌሎች ሕጎች ለቀድሞው መሥሪያ ቤት የተሰጠ ሥልጣን ለአዲሱ እንደተሰጠ ይቆጠራል። በአንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ሕግ ይታረማል። ጉዳቱ የሚታየው የድሮውን አዋጅ ገልጦ የሚያነበው ሰው ዘንድ ነው፤ የሌለ መሥሪያ ቤት በር ያንኳኳል።

የቁጥር ለውጥ ግን ሌላ ነገር ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ከጥቃቅን ማሻሻያዎች ሁሉ ጥቃቅን የማልለው ይህን ነው። የታሪፍ ሥሌት በኪሎ ሜትር ነው፤ በመኪናው ደረጃና በመንገዱ ዓይነት፣ አስፋልት ነው ወይስ ጠጠር በሚለው ይለያያል። ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። መመሪያው ላይ በኪሎ ሜትር 10 ሳንቲም ቢጨመር ተሳፋሪው 10 ብር ይጨምራል ማለት ነው፤ ለደርሶ መልስ 20። ጠጠር መንገድ አቋርጦ ገበያ ለሚወርድ ገበሬ ሥሌቱ ይከብዳል። ነዳጅ በተወደደ ቁጥር ታሪፍ መከለሱ ስለማይቀር ይህ ቁጥር በመመሪያ መቀመጡ ተገቢ ነው፤ ለ10 ሳንቲም ምክር ቤት አይጠራም።

በተቃራኒው አዋጅ ውስጥ የገባ ቁጥር አለ። አዋጅ 799/2005 ሲወጣ በተሽከርካሪ አደጋ ለሞተ ሰው መድን ሰጪው የሚከፍለው ካሳ ከ40,000 ብር እንዳይበልጥ አድርጎ ነበር። የ2005ቱ 40,000 ብር ስንት በሬ ይገዛ እንደነበር፣ ያው ገንዘብ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስንት እንደገዛ ገበያ የሚወጣ ሁሉ ያውቃል። ብር ሲረክስ ሕጉ አንድ ፊደል ሳይለወጥበት ይለወጣል። አርቃቂው ቁጥሩን አዋጅ ላይ ካሰፈረ፣ ከታች ያለ አካል በየጊዜው እንዲከልሰው የሚፈቅድ አንቀጽም አብሮ ማስቀመጥ አለበት፤ አለዚያ ለእያንዳንዱ ክለሳ ምክር ቤት ድረስ መሄድ ነው። ቅጣትንና መብትን ግን ወደ መመሪያ ማውረድ አልደግፍም። እነሱ በአደባባይ ክርክር ይገባቸዋል።

ማሻሻያው ከወጣ በኋላ ያለው ችግር ንባቡ ነው። የማሻሻያ አዋጅ ሰውነቱ እንዲህ ነው፦ «የአዋጁ አንቀጽ ይህ ንዑስ አንቀጽ ይህ ተሰርዞ በሚከተለው አዲስ ንዑስ አንቀጽ ተተክቷል።» ዋናውን አዋጅ አጠገቡ ያላስቀመጠ ሰው ከዚህ ምንም አይጨብጥም። የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ 208/2003 በ395/2009 ተሻሽሎ ነበር፤ በመጨረሻ 557/2016 ወጣ። በመሃል ባሉት ዓመታት አንድ የወረዳ ባለሙያ ሕጉን በትክክል ለማወቅ ሁለቱን ጎን ለጎን ይዞ መሰረዝና መለጠፍ ነበረበት። በ1960ዎቹ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ የአገሪቱን ሕጎች ማሻሻያቸውን አካትቶ በጥራዝ አሳትሞ ነበር። ያ ሥራ ዛሬም ያስፈልጋል፤ ለዝክረ ሕግም ጭምር።

በመመሪያ በኩል የተሻለ ነገር አለ። የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ 1183/2012 አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት መመሪያ ሲያወጣ ረቂቁን ይፋ አድርጎ አስተያየት እንዲቀበል፣ መመሪያውን እንዲያስመዘግብና በድረ ገጹ እንዲለጥፍ ያስገድዳል። ያልተመዘገበና ያልተለጠፈ መመሪያ ተፈጻሚ አይሆንም። አዋጁ የክልል ቢሮዎችን ግን አያስገድድም፤ የደብረ ታቦር ሾፌር የሚመራበት መመሪያ አብዛኛው ደግሞ ከቢሮው የሚመጣ ነው።

አንድ ማሻሻያ እጃችሁ ከገባ ከመጨረሻው ጀምራችሁ አንብቡ። የተሻሩ ሕጎች፣ የመሸጋገሪያ ድንጋጌና ሕጉ የሚጸናበት ጊዜ እዚያ ናቸው። በድሮው ሕግ የተሰጠው ፈቃድ እስከ መቼ እንደሚሠራ፣ የድሮዎቹ መመሪያዎች መቀጠል አለመቀጠላቸው፣ ቅጣቱ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚቆጠር የሚነግሯችሁ እነዚህ ናቸው፤ ሾፌሩም ከትራፊክ ፖሊሱ ጋር የሚከራከረው ብዙ ጊዜ በእነዚሁ ላይ ነው።