የአፈር ምርመራ ውጤት በድረ ገጽ፦ አዘገጃጀቱና አጠቃቀሙ

የአፈር ምርመራ ጥቅም የሚሰጠው ውጤቱ ከዘር ወቅት በፊት ገበሬው ዘንድ ሲደርስ ነው። ፒኤቹ ከ5.5 በታች በሆነ አፈር ውስጥ አሉሚኒየም እየሟሟ የሰብሉን ሥር ይጎዳል፤ ፎስፎረስንም አስሮ ይይዛል። እንዲህ ያለው ማሳ ኖራ ያስፈልገዋል፤ ኖራውም ከአፈሩ ጋር እስኪዋሃድ ጊዜ ይወስዳል። ውጤቱ በላቦራቶሪ መዝገብ ውስጥ ቢቀር ወይም ለሌላ ማሳ ቢሰጥ ገበሬው ገንዘቡንም ምርቱንም ያጣል። የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ውጤቱን በስልክ ወይም በኮምፒዩተር የሚያዩበት ድረ ገጽ እንዴት መዘጋጀት እንዳለበት ከዚህ በታች እንገልጻለን።

1. መለያ ቁጥር

የመረጃ ቋቱ ማሳን፣ ናሙናንና ውጤትን በሦስት የተለያዩ ሠንጠረዦች ይመዘግባል። ከአንድ ማሳ በየዓመቱ ናሙና ሊወሰድ፣ በአንድ ናሙናም ላይ ብዙ ምርመራ ሊደረግ ስለሚችል ሦስቱን የሚያያይዛቸው መለያ ቁጥር ነው። ስም ለዚህ አይበቃም። በአንድ ቀበሌ የአንድ ስም ባለቤቶች ብዙ ናቸው። ከዚህም ሌላ ኃይሉ፣ ሐይሉና ሀይሉ ለእኛ አንድ ሲሆኑ ለኮምፒዩተሩ ሦስት ናቸው። ስለዚህ ፍለጋው ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ እንዲቆጥር ተደርጎ መሠራት አለበት።

2. ቀንና መለኪያ

ሀ/ የኢትዮጵያና የአውሮፓ አቆጣጠር በ7 ወይም በ8 ዓመት ስለሚለያዩ ከእያንዳንዱ ቀን ጎን የትኛው እንደሆነ ይጻፍ።

ለ/ በኦልሰንና በብሬይ ዘዴ የተለካ ፎስፎረስ ቁጥሩ አይነጻጸርም፤ ዘዴው አብሮ ይመዝገብ።

ሐ/ ያልተለካ ነገር «አልተለካም» ይባል እንጂ ዜሮ አይሞላበት።

3. የገጹ አሠራር

ገጹ ከባድ ሥዕሎች አይኑሩት፤ ኔትወርክ ደካማ በሆነበትም ቦታ መከፈት አለበት። ውጤቱ በአንድ ወረቀት ላይ ታትሞ ለገበሬው የሚሰጥ ይሁን። የኖራው ልክ በፒኤች ብቻ ስለማይወሰን የአፈሩ ተለዋዋጭ አሲድነት ከጎኑ ይታይ። የልማት ሠራተኛው በይለፍ ቃል ገብቶ የአካባቢውን ውጤት ያያል፤ ሊለውጠው ግን አይችልም። እርማት የሚያደርገው ላቦራቶሪው ብቻ ሲሆን የቀድሞው ቁጥርም ተመዝግቦ ይቆያል።

4. ከልማት ሠራተኛው የሚጠበቅ

ሀ/ በማሳው ውስጥ እየተዘዋወሩ ከ10 እስከ 15 ቦታዎች፣ ከ0 እስከ 20 ሳ.ሜ. ጥልቀት አፈር ወስዶ መቀላቀል። የፍግ ክምርና የምስጥ ኩይሳ ከነበረበት ቦታ አይወሰድም።

ለ/ ቀለሙ ወይም ተዳፋትነቱ የተለያየ ማሳ ቢኖር ናሙናውን ለየብቻ ማድረግ።

ሐ/ መለያ ቁጥሩን በከረጢቱ ላይም በውስጡም በእርሳስ ጽፎ ማኖር።

መ/ ውጤቱ ሲመጣ ቁጥሩን፣ ማሳውንና ቀኑን ከራስ መዝገብ ጋር ማስተያየት።

ሦስቱ ካልተስማሙ ለገበሬው ምክር ከመስጠት በፊት ላቦራቶሪውን መጠየቅ ያስፈልጋል። ቁጥሩ የተሳሳተ ናሙና በድረ ገጽ ቢወጣ ስሕተቱ በፍጥነት ይደርሳል እንጂ አይታረምም።